ሽጉጥ በሞረድ ይቀናል ወይ?

ባለፈው ሰሞን ከራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላባራም። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዱ ጓደኛችን አጎት አሜሪካ የሚኖር ሰው ነው፤ በዚያም አገር በፈቃድ የያዘው ሽጉጥ አለው። ይህ ሰው ለዕረፍት መጥቶ ሳለ ለወንድሙ ልጅ ሲያጫውተው፥ «ሽጉጤ ኢላማ አልይዝ ብሎ ቢያስቸግረኝ ቧንቧውን ፈትቼ በሞርሳ አሰርሁት፤ አፉን በሞረድ አስተካከልሁት፤ ሆዱንም በብርጭቆ ወረቀት ወለወልሁት፤ ከዚያ በኋላ ብተኩስ ሦስቱ ጥይት በአንድ ሎሚ ስፋት ላይ አረፈልኝ» አለው። ጓደኛችንም ይህን ከሰማ ጀምሮ፥ ለክረምት ዕረፍት አገሩ ሲገባ አባቱ በፈቃድ በያዙት አሮጌ ሽጉጥ ላይ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ቆርጦ ተነሥቷል። ሞረዱን እንኳ ገዝቶ በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦታል።

እኩሌቶቻችን «ብረት በለሰለሰ ቁጥር ጥይቱ ሳይደናቀፍ ይወጣል፤ ስለዚህ ይቀናል» አልን። እኩሌቶቹ ደግሞ «ፋብሪካ የሠራውን ሰው በቤቱ በሞረድ ሊያሻሽለው አይችልም» አሉ። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን «እንዴት ዐወቅህ?» ቢባል መልስ ያለው አንድ ሰው አልነበረም። እኔም በዚያች ሌሊት አብዝተው ከጮኹት አንዱ ስለ ነበርሁ በማግሥቱ አፈርሁ። ስለዚህ ከትምህርቴ የተረፈኝን ጊዜ ሰብስቤ ነገሩን በመጻሕፍት ቤት ስመረምር ሰነበትሁ። ያገኘሁትንም ለጓደኞቼ ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ይህን የምጽፈው ማንም ሰው ሞረድ እንዲያነሣ ለማበረታታት ሳይሆን፥ የአንድን ነገር ምክንያት ከማወቅ በፊት መሣሪያ ማንሣት ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

፩. ቧንቧው ለጥይቱ ምን ያደርግለታል?

በመጀመሪያ ቃላችንን እንስማማ። ጥይት ስንል ቀለሁን፥ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ ማለታችን ነው። ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው አረሩ ብቻ ነው። አረሩ የሚያልፍበትን የብረት ሆድ ቧንቧ እንለዋለን፤ አፈሙዝ ደግሞ የቧንቧው ጫፍ ነው።

በጥንት ዘመን የጠመንጃ ቧንቧ ውስጡ ልሙጥ ነበር፤ አረሩም ድቡልቡል የእርሳስ ፍሬ ነበር። ከአፈሙዝ በኩል ለማጉረስ እንዲመች ፍሬው ከቧንቧው ይቀጥናል። ስለዚህ ባሩዱ ሲነድድ ፍሬው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላጋ ይወጣል፤ መጨረሻ የነካውም ግድግዳ ወደ አንድ ወገን ያሽከረክረዋል። የዛሬው ተኩስ ወደ ቀኝ፥ የነገው ወደ ግራ፥ ሌላው ወደ ላይ ይሽከረከራል ማለት ነው። ተኳሹ በምንም ዐይነት ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ይህን ነገር በግምት ሳይሆን በፈተና ያሳየው ቤንጃሚን ሮቢንስ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። ሮቢንስ በ1742 ስለ መድፍና ስለ ጠመንጃ አተኳኰስ አዲስ ሕግጋትን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለርም ይህን መጽሐፍ በ1745 ከነሐተታው ወደ ጀርመንኛ መለሰው። ሮቢንስ ካደረጋቸው ፈተናዎች አንዱ ለእኛ ነገር እጅግ ተስማሚ ነው፤ ምክንያቱም እሱም የቧንቧ ሥራ ነው። ሰውየው አንድ የጠመንጃ ቧንቧ ወስዶ ጫፉን ሆን ብሎ ጥቂት ወደ ግራ አጐበጠው። ከዚያም በአረሩ መንገድ ላይ ስስ ወረቀቶችን በየርቀቱ አቁሞ ተኰሰ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አረሩ ወደ ግራ እንዲሄድ ነው። በእርግጥም የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች ከመስመሩ በስተ ግራ በሳቸው። ነገር ግን ራቅ ብሎ ያለው ግድግዳ ሲታይ አረሩ ከመስመሩ በስተ ቀኝ ተገኘ። አረሩ በአየር ላይ መንገዱን አጥፏል ማለት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ቧንቧው ወደ ግራ ስለ ጐበጠ ፍሬው በቀኝ ግድግዳ ላይ እየተሻሸ ወጣ፤ መሻሸቱም አሽከረከረው፤ የሚሽከረከር ፍሬ ደግሞ አየሩ በአንድ ወገን ስለሚገፋው መንገዱ ይጐብጣል። እግር ኳስ የተጫወተ ሁሉ በጐን የተመታች ኳስ ስትታጠፍ አይቷልና ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ግልጽ ነው። ፍሬው መሽከርከሩ ካልቀረ፥ ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት፥ ያውም በሚሄድበት መስመር ዙሪያ እንዲሽከረከር ማድረግ ነው። ለዚህም በቧንቧው ሆድ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ይቀረጻል። አረሩ በቦዮቹ መካከል ባለው ጠርዝ ተነክሶ እየዞረ ይወጣል። እንዝርት ስትሽከረከር ቀጥ ብላ እንደምትቆም፥ ስትደክም ግን እንደምትንገዳገድ፥ የሚሽከረከር አረርም አፍንጫውን ወደ ፊት አቅንቶ ይሄዳል። ይህን ዐይነት ቦይ የጀርመን አገር ጠመንጃ ሠሪዎች በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ ግድም ያውቁት ነበር፤ ዳሩ ግን ለምን እንደሚሠራ ያስረዳቸው አልነበረም። ሮቢንስ በ1747 ስለ ባለቦይ ቧንቧ በእንግሊዝ የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ፊት ባቀረበው ጽሑፍ፥ ይህን ጥበብ ጠንቅቆ ለሠራዊቱ ያደረሰ መንግሥት በሌሎች ላይ ታላቅ ብልጫ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ተናግሯል።

፪. ሰናድር የሚለው ቃል

ይህ ትንቢት በእኛው አገር ተራራ ላይ ሲፈጸም ታየ። አያቶቻችን ሰናድር የሚሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ጄከብ ስናይደር ከተባለ አሜሪካዊ ነው። እንግሊዞች ከአፈሙዝ የሚጐርስ ባለቦይ ጠመንጃ በብዙ መቶ ሺህ ነበራቸው። አዲስ ከመሥራት ይልቅ የነበረውን ጠመንጃ ቧንቧ በስተ ኋላ ቈርጠው፥ ተከፍቶ የሚዘጋ መግጠሚያ አበጁለት፤ በ1866ም ለሠራዊታቸው ተቀበሉት። ይህ ሰናድር በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተነባቸው ስፍራዎች ዋነኛው አሮጌ ነው። ቀኑም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከመሠዋታቸው ከሦስት ቀን በፊት ነበር።

የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከአምባው ቍልቍል ሲወርድ በእጁ የነበረው ጠመንጃ በአብዛኛው ልሙጥ ቧንቧ ያለውና ከአፈሙዝ የሚጐርስ ነበር። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን በኩል የወደቁት ሰባት መቶ ያህል፥ ከእንግሊዞች በኩል የቆሰሉት ሃያ ያህል እንደ ሆኑ የእንግሊዞች ታሪክ ይናገራል። ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያው ወደቁ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የቧንቧው ቦይ ብቻ ነበር ብል ስሕተት ይሆናል፤ ሰናድር ከኋላ ስለሚጐርስ ፈጥኖ ይተኵሳል፤ መድፍና ሮኬትም ነበሩ። ነገር ግን ጀግንነት በአንድ ወገን ሳይጐድል ብረቱ ብቻ ምን ያህል እንደሚለያይ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ቀን አይገኝም።

ከዚህ ታሪክ ለክርክራችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ሰናድር ራሱ የተቈረጠና የተቀጠለ አሮጌ ቧንቧ ነው። ተለውጦ የተሠራው ጠመንጃ ሲፈተን ግን ከቀድሞው ይልቅ ኢላማ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ፋብሪካ የሠራውን ቧንቧ መንካት ሁልጊዜ ማበላሸት ነው» የሚለው የእኛ ወገን ክርክር ትክክል አልነበረም። ልዩነቱ፥ ያ ሥራ የተሠራው በመለኪያ መሆኑና፥ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ በብዙ ተኩስ መፈተኑ ነው። አጎታችን ያላደረገውም ይህንን ነው።

፫. በሽጉጥ ላይ ኢላማ የሚሳተው ከምን የተነሣ ነው?

አሁን ወደ ሽጉጥ እንምጣ። በአሜሪካ በቤት ውስጥ በሞርሳና በሞረድ ብዙ ከተደከመባቸው ሽጉጦች አንዱ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር በ1911 የተቀበለው ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ ነው፤ ስሙም ከዓመቱ የተነሣ 1911 ይባላል። ጦሩ ከመቀበሉ በፊት 6,000 ጥይት አከታትሎ አስተኵሶ ፈትኖታል። ሽጉጡ በጭቃና በአቧራ ውስጥ ሳይነክስ እንዲሠራ ክፍሎቹ ላላ ብለው የተጋጠሙ ናቸው። የላላ ነገር ደግሞ በየተኩሱ ወደ ቦታው በትክክል አይመለስም። በኦሃዮ ግዛት ካምፕ ፔሪ በሚባለው ስፍራ ከ1907 ጀምሮ በሚደረገው ብሔራዊ የኢላማ ውድድር የሚካፈሉ ተኳሾች ይህን ልልነት ስለ ጠሉት ባለሙያዎች ሲያጠባብቁት ኖረዋል፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም የአሜሪካ ጦር ራሱ ለውድድር የተጠባበቀ 1911 አሠርቷል።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ በወረቀትና በእርሳስ እናስላ። ሒሳቡ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም።

አንደኛ፥ መሽከርከሩ አንሶት ይሆን? የዚህ ሽጉጥ ቦይ በየ406 ሚሊ ሜትሩ አንድ ዙር ይዞራል። ቧንቧው ርዝመቱ 127 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ አረሩ ከመውጣቱ በፊት ሲሶ ዙር እንኳ አይሞላም። ይህ ግን አያስቸግርም፤ ምክንያቱም አረሩ በሴኮንድ 250 ሜትር ያህል ስለሚሄድ በሴኮንድ ከ600 ዙር በላይ እየተሽከረከረ ይወጣል። ይበቃዋል ወይ ለሚለው፥ አልፍሬድ ግሪንሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር በ1879 ያወጣው ቀላል መንገድ አለ፤ የአረሩን ውፍረት በራሱ አባዝቶ፥ በ150 አባዝቶ፥ ለርዝመቱ ማካፈል ነው። ውፍረቱ 11.4፥ ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ለሆነው አረር መልሱ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ይኸውም በየሜትሩ አንድ ዙር ቢዞር እንኳ ይበቃዋል ማለት ነው። 406 ሚሊ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ በአጭርና ወፍራም የሽጉጥ አረር ላይ ጥፋቱን ከመሽከርከር ማነስ መፈለግ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፥ የቧንቧው መነቃነቅ። በ1911 ላይ ማነጣጠሪያዎቹ ያሉት በቧንቧው ላይ ሳይሆን፥ በየተኩሱ ወደ ኋላ ሄዶ በሚመለሰው የላይኛው የብረት ክዳን ላይ ነው። ስለዚህ ዐይናችን የሚያየው ክዳኑን ነው፤ አረሩ የሚታዘዘው ግን ለቧንቧው ነው። ሁለቱ በየተኩሱ አንድ ዐይነት ካልተጋጠሙ ዐይንና አረር ይለያያሉ። የቧንቧው ጫፍ በሚደገፍበት ቀለበት ውስጥ አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢነቃነቅ፥ ይህ በ127 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሲታይ በ25 ሜትር ርቀት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በ50 ሜትር ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር። አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ከጠጕር ውፍረት ብዙ አይበልጥም።

ሦስተኛ፥ እጃችንና ዐይናችን። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 165 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ምላጭ ስንስብ እጃችን ተንቀጥቅጦ የፊተኛው ማነጣጠሪያ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፥ አረሩ በ25 ሜትር ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ምላጩን በእርጋታ ሳይሆን በድንገት የሚስብ ጀማሪ አንድ ሚሊ ሜትር ማዛነፉ የተለመደ ነገር ነው።

እነዚህን ሦስቱን ብናስተያይ ነገሩ ፍንትው ይላል። በካምፕ ፔሪው ውድድር በ50 ያርድ ላይ የ10 ቍጥሩ ክብ ስፋት 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ያን ክብ ደጋግሞ ለሚመታ አዋቂ 4 ሳንቲ ሜትር ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቧንቧውን በባለሙያ ማስጠበቁ ይጠቅመዋል። በ25 ሜትር 15 ሳንቲ ሜትር ለሚስት ሰው ግን 2 ሳንቲ ሜትር ማዳን ከውቅያኖስ በማንኪያ መቅዳት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልብ በሉ፤ ለአዋቂው የሚጠቅመው ሥራ ብረት መጨመርና ማጥበቅ ነው። ሞረድ ግን ብረት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ የላላውንም ያላላዋል እንጂ አያጠብቀውም።

፬. በቤት የሚሠሩት ሦስት ሥራዎች

አጎታችን የሠራውንና እሱን የመሰሉ ሰዎች የሚሠሩትን ሥራ አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው አፈሙዙን ማስተካከል ነው። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ከኋላው ታላቅ ግፊት ያለው ጢስ ይከተለዋል። የአፈሙዙ ክብ በዙሪያው እኩል ከሆነ ጢሱም በእኩል ያመልጣል። በአንድ ወገን ጥርስ ወይም ስብራት ካለ ግን ጢሱ በዚያ በኩል ቀድሞ ይወጣና የአረሩን ቂጥ ወደ ጐን ይገፋዋል። ስለዚህ የተጐዳ አፈሙዝ ኢላማ ያሳስታል፤ ጥገናውም በእውነት ይጠቅማል። ነገር ግን የሚጠቅመው ክቡ ከቧንቧው መካከለኛ መስመር ጋር በትክክል ቀጤ ሆኖ ሲቈረጥ ነው፤ ይህም የቶርኖ ሥራ ነው። በዐይን ግምት የሚሄድ ሞረድ አንዱን ወገን ዝቅ፥ አንዱን ከፍ ማድረጉ አይቀርም። ደኅና የነበረውን አፈሙዝ በሞረድ መንካት የሌለውን በሽታ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ሆዱን መወልወል ነው። «ልስልስ ብረት ጥይት ያቀናል» የሚለው አሳብ ከመጀመሪያው የሳተ መሆኑን ከሮቢንስ ተምረናል። ልሙጥ ቧንቧ ነበርና የሚስተው! አረሩን የሚያቀናው ቦዩን የሚያዋስነው ስል ጠርዝ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲወለወል ግን ቀድሞ የሚበላው ያ ጠርዝ ነው። በዚያም ላይ በእጅ የሚመላለስ ዘንግ በቧንቧው ጫፍ ሲወጣና ሲገባ ስለሚዋልል አፈሙዙን እንደ መለከት አፍ ያሰፋዋል። አረሩ እንግዲህ በመጨረሻው፥ ማለት እጅግ በሚያስፈልገው ስፍራ፥ የሚይዘው ያጣል። ከብረት የተበላውም አይመለስም።

ሦስተኛው ማሳጠር ነው። ብዙ ሰው አጭር ቧንቧ በባሕርዩ ይስታል ብሎ ያምናል። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ቧንቧ ሲያጥር አረሩ ፍጥነት ያጣል፤ የማነጣጠሪያዎቹም ርቀት አብሮ ካጠረ የእጅ ስሕተት ይጐላል። ነገር ግን በብረት ማሰሪያ ተይዞ ቢተኰስ በሚገባ የተቈረጠ አጭር ቧንቧ ከረጅሙ የግድ አያንስም። በመጋዝ የተቈረጠ ቧንቧ የሚስተው አጥሮ ሳይሆን፥ አፈሙዙ ተበላሽቶ ማነጣጠሪያውም ከቦታው ስለ ጠፋ ነው።

፭. ሦስት ጥይት ምስክር አይሆንም

አሁን ጓደኛችን እንዲህ ይላል፤ «ሒሳባችሁን ተዉት። አጎቴ ቀድሞ ሰፊ ቦታ ላይ ይበትን ነበር፤ በኋላ በሎሚ ስፋት መታ። ዐይን ካየው የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?» ይህ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው፤ ለእኛ ለተማሪዎችም ከሽጉጥ የራቀ ትምህርት አለበት።

አንድ ሽጉጥ ምንም ሳይነካ ደጋግሞ ቢተኵስ አረሮቹ በአንድ ማእከል ዙሪያ ይበተናሉ። የብትኑን ስፋት የምንለካው እጅግ በተራራቁት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ይህ መለኪያ ግን አንድ ተንኰል አለበት፤ በተኰስን ቍጥር ይሰፋል፥ ሲያንስም ይጠባል። የዕድል ሒሳብ እንደሚያሳየው፥ የ10 ጥይት ብትኑ በአማካይ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሽጉጥ፥ በ5 ጥይት 8 ያህል፥ በ3 ጥይት ደግሞ 6 ከሩብ ያህል ብቻ ያሳያል። ሽጉጡ ያው ነው፤ እጁም ያው ነው። ቀድሞ ዐሥር ጥይት ተኵሶ የለካ፥ ከሞረዱ በኋላ ሦስት ብቻ ተኵሶ ቢለካ፥ ሞረዱ ምንም ሳይሠራ ከሲሶ በላይ «ተሻሽሎ» ያገኘዋል።

ቍጥሩን እኩል ቢያደርግስ? የ3 ጥይት ብትን ከአማካዩ በላይና በታች በመቶ 37 ያህል ይዋዥቃል። ስለዚህ ያው ያልተነካ ሽጉጥ አንዴ 4፥ አንዴ 8 ሳንቲ ሜትር ቢያሳይ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። አጎታችን ከሥራው በፊት በስምንቱ ቀን፥ ከሥራው በኋላ በአራቱ ቀን ተኵሶ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

ይህን ለማመን ለከበደው ሰው ያለ ጥይት ፈተና አድርገናል። ከምግብ አዳራሹ ጀርባ በመሬት ላይ ምልክት አደረግንና አንዱ ጓደኛችን ከአምስት ርምጃ ላይ ሦስት ሦስት ቆርኪ ይወረውር ጀመር። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ክንድ ያህል ተራራቁ። ከዚያ ቆርኪዎቹን ሰብስቦ በሹራቡ እጅጌ በጥንቃቄ ወለወላቸውና ወረወረ። አንድ ክንድ እንኳ ሳይሞላ አረፉ። ባለ ሞረዱ ጓደኛችን ሳይቀር ሣቀ። እውነቱን ለመናገር ግን የሣቀው ገብቶት ይሁን ተናዶ አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዐሥር እየወረወርን ብንለካ የሹራቡ ኀይል ጠፋ።

ታዲያ በትክክል ለማወቅ ምን ያስፈልጋል? የ5 ጥይት ብትን በመቶ 27 ያህል ይዋዥቃል። ዐሥር ጊዜ አምስት አምስት ተኵሰን አማካዩን ብንወስድ ግን መዋዠቁ ወደ 9 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከሥራው በፊት 50፥ ከሥራው በኋላ 50 ጥይት፥ ያውም ከአንድ ፋብሪካ ከአንድ ዕጣ የወጣ ጥይት፥ በአንድ ርቀት፥ የሰው እጅ እንዳይገባበት ሽጉጡ በብረት ማሰሪያ ተይዞ ሊተኰስ ይገባል። በዚያን ጊዜ አማካዩ ከ8 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ «ሥራው ጠቅሟል» ለማለት ምክንያት አለን። ከዚህ ያነሰ ልዩነት ግን ገና ዕድል ሊሆን ይችላል። መቶ ጥይት ሳይተኵሱ «ሞረዴ አቀናው» ማለት፥ ሁለት ሰው ጠይቆ የአገሩን ሕዝብ አሳብ ዐወቅሁ እንደ ማለት ነው።

፮. በመጨረሻ ስለ አደጋው

እስካሁን የተናገርነው ኢላማ ስለ መሳት ነው። ከዚህ የባሰ ግን አለ። ባለ 45 ካሊበሩ ጥይት ሲነድድ በቧንቧው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከተለመደው የአየር ግፊት 1,400 ጊዜ በላይ ሊደርስ ይችላል። 9 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ እስከ 2,350 ባር ተፈቅዶለታል። ይህ ከመኪና ጎማ ግፊት አምስት መቶ እጥፍ እጅግ ይበልጣል። ይህን ሁሉ የሚችለው ከተኳሹ ጣቶች ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለው የቧንቧው ግድግዳ ነው።

ስለዚህ በብዙ አገር ቧንቧ ሳይፈተን አይሸጥም። በለንደን ይህ ፈተና ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይደረጋል፤ በበርሚንግሃም በ1813 የመፈተኛ ቤት ተቋቋመ። ሰናድር በአሮጌ በተተኰሰበት በዚያው በ1868 የወጣው የእንግሊዝ የቧንቧ ፈተና ሕግ፥ ከተፈተነ በኋላ በሥራ ተነክቶ የደከመ ቧንቧ እንደገና ሳይፈተን እንዳይሸጥ ይከለክላል። በ1914 በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ የተመሠረተው የአገሮች የጋራ ኮሚሲዮንም፥ ለሽጉጥ ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 30 በመቶ በሚበልጥ ጥይት እንዲፈተን ያዛል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን በብረት ሥራ ያሳለፉ ሆነው ሳለ የገዛ እጃቸውን ሥራ ሳይፈትኑ አያምኑም። በመኝታ ቤት ሣጥን ውስጥ ያለ ሞረድ ግን የሚፈትነው ማነው? የሚፈትነው የጓደኛችን አባት እጅ ነው።

በአገራችንም የጦር መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ መሆኑን አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ደንግጓል። ስለ ጥገናውም ፈቃድ የሰጠውን ክፍል መጠየቅ ይገባል እንጂ ጐረቤት ያለን ብረት ሠሪ ወይም የአሜሪካ አጎትን መጠየቅ አይገባም።

እንግዲህ አሮጌ ሽጉጥ ኢላማ አልይዝ ቢል ምን ይደረግ? ከሞረድ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። የባሩድና የእርሳስ ዝቃጭ ሆዱን ደፍኖት እንደ ሆነ በሚገባ ማጽዳት፤ ማነጣጠሪያው ላልቶ እንደ ሆነ ማየት፤ ጥይቱ የተደባለቀና ያረጀ እንዳይሆን መጠንቀቅ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልተሻለ እንደ ሆነ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ማሳየት ነው። የእጅ ነገር ግን በየትኛውም ሞረድ አይጠገንም።

አጎታችን ዋሽቷል አላልሁም። ሦስቱ ጥይት በሎሚ ስፋት ማረፋቸውን አምናለሁ። ያላየው ያላደረገውን ነው፤ ይኸውም አራተኛውንና ከእሱ በኋላ የሚመጡትን አርባ ስድስቱን። እኛም በቤተ ሙከራ አንድ ጊዜ ለክተን የፈለግነው ቍጥር ሲመጣ ፈጥነን ደብተራችንን የምንዘጋ፥ ያልፈለግነው ሲመጣ ግን «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብለን እንደገና የምንለካ ስንቶቻችን ነን? ያ ደግሞ ሌላ ሞረድ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለጓደኛችን አነበብሁለት። ከግሪንሂል ሒሳብ ላይ አንድ ስሕተት አውጥቶብኝ አርሜያለሁ። ስለ ሞረዱ ግን «አስብበታለሁ» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ክረምቱ ሳይገባ የምታገኙት ሁሉ ቆርኪ ወርውሩለት።